የሁለት ሽልንግ መርከብ

እስቲ በልጅነቱ የሽቦ መኪና ሠርቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ! ጠርጥሬ ነበር፤ ብዙ እጅ አይወጣም። ራሳችሁ ባትሠሩ እንኳ ወንድማችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ አይታችኋል። ጎማው ካረጀ ሸበጥ ተቆርጦ ይወጣል፤ አካሉ ከሽቦ ይጠማዘዛል፤ ኮፈኑ ከሰርዲን ቆርቆሮ ይሠራል፤ መሪው በረጅም ዘንግ ወደ ላይ ይወጣና ሾፌሩ ከኋላ እየሮጠ ይነዳዋል። ዕቃውን የሸጠልን ሰው የለም። ከቆሻሻ ገንዳና ከሰው አጥር ላይ ነው ያገኘነው (ባለ አጥሮቹ ይቅር ይበሉን)።

ይህን ጨዋታ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ክረምት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። በልደቱ ቀን ያገኛትን ዶላር ኪሱ ከትቶ፣ "ወደ እጅ ሥራ መደብር እንሂድ፣ የሚገጣጠም መኪና ልግዛ" አለኝ። ሄድን። የመደብሩን ስም አልጠራም፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ካላቸው ትልልቆቹ አንዱ ነው። ስፋቱ የኳስ ሜዳ ያህላል። አርቲፊሻል አበባ፣ የፎቶ ክፈፍ፣ የሹራብ ክር፣ ሻማ፣ የገና ጌጥ (በሐምሌ!) ተደርድሯል። ይህን ሁሉ አልፈን ወደ ኋላ ስንገባ ሦስት አራት መደርደሪያ ሙሉ ሳጥን አገኘን። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ የጦር መርከብ፣ መኪና። ልጁ አንድ ሙስታንግ መረጠ።

"ለዚህ የሚሆን ሙጫ የቱ ጋ ነው?" ብለን ጠየቅን። ሠራተኛዋ ትሁት ናት፤ ፈገግ ብላ ይዛን ሄደች። ነጭ የእንጨት ሙጫ ሰጠችን።

ማታ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ? አልጣበቅ አለ። በሩ ሲያዝ ጣሪያው ይወድቃል፤ ጣሪያው ሲያዝ በሩ ይንሸራተታል። ከእራት በኋላ ሳጥኑ አልጋ ሥር ገባ።

"ምነው ልጄ፣ እኛ ከሽቦ መኪና ሠርተን የለም እንዴ? አንተ ሁሉም ተዘጋጅቶልህ አቃተህ?" አሉት አጎቴ።

"አባዬ፣ አይጣበቅማ!" አለ ልጁ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔም አላውቅ ኖሮ ዝም አልኩ። ግን ሁለት ጥያቄ ይዞኝ አደረ። አንደኛ፣ ይህ ሳጥን ከአበባና ከሹራብ ክር ጎን እንዴት ሊቀመጥ ቻለ? ሁለተኛ፣ ሳጥኑን የሚሸጥ መደብር ስለ ሙጫው የሚነግረን ሰው እንዴት አጣ? ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የማይበር ወፍ

ከፕላስቲክ የሚገጣጠም ሞዴል ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ዘመኑ 1936። ፍሮግ የሚባል ኩባንያ የሚበሩ የአሻንጉሊት አውሮፕላኖች ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የማይበሩ፣ መደርደሪያ ላይ ብቻ የሚቀመጡ ትናንሽ አውሮፕላኖች በክፍልፋይ አወጣ። ስማቸውን "ፔንግዊን" አላቸው። ፔንግዊን ወፍ ሆና የማትበር ናትና! ቀልደኞች ነበሩ።

መጠናቸው ከእውነተኛው አውሮፕላን አንድ ሰባ ሁለተኛ ነበር። ለምን 72 አትሉም? በእንግሊዞች መለኪያ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን እንዲወክል ነው። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ዛሬም የአውሮፕላን ሞዴል ሳጥን ላይ 1/72 የሚል ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ጦርነት መጣና ሞዴል ከጨዋታነት ወጣ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የተማሪዎችን ርዳታ ጠየቀ። የጠየቀው 500 ሺህ የአውሮፕላን ሞዴል ነው፤ 50 ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ 10 ሺህ። ፕላስቲክ ለጦርነቱ ይፈለግ ስለነበር ልጆቹ በየትምህርት ቤቱ ከእንጨት ጠረቡት። ወታደሩ ሰማይ ላይ የሚያየው ጥላ የወዳጅ ይሁን የጠላት የሚለየው በእነዚህ ሞዴሎች እየተለማመደ ነበር። መጠኑስ? ያው 1/72። ጦርነቱ ሲያልቅ እንግዲህ ሞዴል መሥራት የለመደ አንድ ትውልድ በየቤቱ ተቀምጧል። የጎደለው ሻጭ ብቻ ነው።

ማበጠሪያ ሻጩ

ሻጩ ኒኮላስ ኮቭ ይባላል። ከሃንጋሪ ተሰዶ ለንደን የገባ ሰው ነው። በ1939 ኤርፊክስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ስለ ሞዴል ሐሳቡም አልነበረውም፤ በአየር የሚነፋ የጎማ አሻንጉሊት ነበር የሚሠራው። ስሙ በ"ኤ" እንዲጀምር የፈለገው በነጋዴዎች ማውጫ ላይ ከፊት እንዲገኝ ነው ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ የፕላስቲክ መቅረጫ ማሽን ገዛና የጸጉር ማበጠሪያ ማምረት ጀመረ። በማበጠሪያ ሀብታም ሆነ።

በ1949 የፈርጉሰን ትራክተር ኩባንያ ለሽያጭ ሠራተኞቹ የሚሆን ትንሽ የትራክተር ሞዴል እንዲሠራለት አዘዘው። ሠራው፤ ነገር ግን እየገጣጠሙ ማስረከቡ ጊዜና ገንዘብ በላ። ታዲያ ለምን ሳይገጣጠም አንሸጠውም? ገዢው ራሱ ይገጣጥመዋ! አያችሁ፣ ትልቅ የሚባለው የሞዴል ኢንዱስትሪ አንድ እግሩ የቆመው የፋብሪካ ሠራተኛን ደመወዝ በመቆጠብ ላይ ነው።

ሌላው እግሩ ደግሞ መደብር ላይ ነው፤ ለዛሬው ጨዋታችን ዋናው ነገር ይህ ነው። በዚያ ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ዉልዎርዝ የሚባል መደብር በየከተማው ነበረ። መሠረቱ አሜሪካዊ ነው። ፍራንክ ዉልዎርዝ በ1879 ፔንሲልቬንያ ላንካስተር ላይ የከፈተው "ሁሉም በአምስት ሳንቲም" መደብር ነው። ኋላ አስር ሳንቲምም ተጨመረበት። በ1909 ሊቨርፑል ገባ። የእኛ ሰው በሚገባው ልንገራችሁ፦ የመንገድ ዳር ነጋዴ "ያነሱት ሁሉ በአምስት ብር!" እያለ የሚጮኸውን ጣሪያና ግድግዳ ሥሩለት፤ በየከተማው አባዙት፤ ዉልዎርዝ ማለት ያ ነው። መርፌ፣ ክር፣ ከረሜላ፣ ሳህን፣ አሻንጉሊት በአንድ ጣሪያ ሥር።

የዉልዎርዝ ዕቃ ገዢዎች ለኮቭ ኩባንያ አንድ ሐሳብ ሰጡ። ትንሽ የመርከብ ሞዴል ሥሩ፤ ሳጥን አያስፈልገውም፤ በላስቲክ ከረጢት ክተቱትና አፉ ላይ ወረቀት ስፉበት፤ ዋጋው ከሁለት ሽልንግ አይለፍ። በ1952 ጎልደን ሂንድ የሚባለው የፍራንሲስ ድሬክ መርከብ በዚህ መልክ ወጣ። የልጅ ኪስ የሚችለው ዋጋ ነውና እንደ ጉድ ተቸበቸበ። ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላንም ተከተለ። ኤርፊክስ ማበጠሪያውን እየተወ ሄደ።

ልብ በሉ፦ ሞዴሉን የወለደው መሐንዲስ ብቻ አይደለም። መደርደሪያው ነው። የዋጋው ጣሪያ፣ የማሸጊያው ዓይነት፣ የመርከቡ መጠን ሁሉ የተወሰነው "ይህ ነገር ከከረሜላው ጎን ተሰቅሎ ልጅ ዓይን ውስጥ ይገባል ወይ?" በሚል ጥያቄ ነው። እናትዬዋ ክር ልትገዛ ትገባለች፤ ልጅዬው መርከብ ያያል። ሞዴል ልግዛ ብሎ ከቤቱ የወጣ ልጅ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ነው የተያዘው።

ወርቃማው ዘመንና ማስቲሹ

አሜሪካም አልተኛችም። በ1943 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ሬቬል በ1953 ሚዙሪ የተባለችውን የጦር መርከብ አወጣ፤ ጃፓን እጅ የሰጠችው በዚህች መርከብ ላይ ነው። ሞኖግራም በ1945 ቺካጎ ላይ ተቋቁሞ ነበር። ኤኤምቲ ደግሞ ለመኪና አከፋፋዮች ትንንሽ ማሳያ መኪና ይሠራ የነበረ ኩባንያ ነው። በ1958 "ሦስት በአንድ" የሚል ዘዴ አመጣ። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለው መኪና እንደ ፋብሪካው፣ ወይም እንደ ገዢው ፍላጎት ተሽሞንሙኖ፣ ወይም እንደ እሽቅድድም መኪና ሆኖ ይሠራል። መንጃ ፈቃድ ያላወጣ ሁሉ ባለ መኪና ሆነ።

የሞዴሎቹ ጥራት ምን ያህል እንደነበር አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1961 ሬቬል ፖላሪስ ሚሳኤል የምትሸከመውን የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ሞዴል በ2 ዶላር ከ98 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። የአሜሪካ የኑክሌር ባሕር ኃይል አባት የሚባሉት አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ኮንግረስ ፊት ቀርበው አማረሩ። ሶቪየቶች በሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት ምስጢር ከአሻንጉሊት ሱቅ በሦስት ዶላር ሊገዙ ነው ብለው! ለሬቬል ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

የሚሸጠውስ የት ነበር? አንደኛ በአምስትና አስር ሳንቲም መደብሮች፤ ሁለተኛ በመድኃኒት ቤቶች፤ ሦስተኛ የሞዴል ብቻ በሆኑ ትንንሽ ሱቆች። እነዚህ ሱቆች ጠባብ ናቸው፤ ባለቤቱ ራሱ ሞዴል ሠሪ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሠራው ተደርድሯል። ልጅ ገብቶ "ክንፉ ተሰበረብኝ" ቢል መልስ ያገኛል።

ሙጫውም ታሪክ አለው። የሞዴል ሙጫ እንደ ሌላው ሙጫ ሁለት ነገር መካከል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። ሞዴሎቹ የሚሠሩበትን ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ለቅጽበት ያሟሟውና ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋቸዋል፤ እንደ ብየዳ ነው። (የእኛ ነጭ ሙጫ ለምን እንዳፈረ ገባችሁ? ነጭ ሙጫ እንጨትና ወረቀት ውስጥ ሰርጎ ነው የሚይዘው፤ ፕላስቲክ ደግሞ አያሰርገውም።) ችግሩ በዚያ ዘመን የሚያሟሟው ቶሉይን የሚባለው ኬሚካል ነበር። ይህን ሽታ እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ በየመንገዱ ጥግ ልጆች በላስቲክ ይዘው የሚስቡት ማስቲሽ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። አሜሪካ ውስጥም ከ1959 አንስቶ ሙጫ የሚስቡ ልጆች ዜና በጋዜጣ ይወጣ ጀመር። አንዳንድ ከተሞች ለልጅ እንዳይሸጥ ደነገጉ። በ1969 ቴስተርስ የተባለው ትልቁ የሙጫና የቀለም አምራች ከሙጫው ላይ የሰናፍጭ ዘይት ጨመረ፤ የሚስበው ሰው አፍንጫው እንዲቃጠል። ኋላም ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ በሚገኝ ነገር የተሠራ መርዝ የሌለው ሙጫ መጣ።

ከተቃጠለ እንጨት

ጃፓን ስትገባበት ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። ታሚያ የሚባለው ድርጅት በ1946 ሺዙኦካ ከተማ ውስጥ እንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ ነው የተነሳው። የእንጨት ሞዴል ጎን ለጎን ጀመረ። በ1951 እሳት አወደመው። ከአመድ ተነስቶ የእንጨት ሞዴል ብቻ መሥራት ሲጀምር ደግሞ የአሜሪካ ፕላስቲክ ሞዴሎች መጡና የእንጨቱን ገበያ ገደሉት። በ1960 የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ሞዴሉን፣ ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ አወጣ፤ ተፎካካሪው ያንኑ መርከብ በርካሽ ስላወጣ ከሰረ።

ያዳነው ቀጥሎ የሠራው የጀርመን ፓንተር ታንክ ነው። መጠኑ 1/35 ነበር። ይህ ቁጥር እንዴት ተመረጠ ቢሉ፣ ባትሪና ሞተር ውስጡ እንዲገባ ስለተፈለገ ነው! ዛሬ በዓለም ዙሪያ የታንክ ሞዴል መጠን 1/35 የሆነው በአንዲት የባትሪ ማስቀመጫ ምክንያት ነው። የድርጅቱ መሪ የነበሩት ሹንሳኩ ታሚያ ታንክ ለመለካት አሜሪካ አበርዲን ድረስ ተጉዘዋል፤ ፖርሽ ገዝተው ሞዴል ለመሥራት ፈታተውታል። በ2025 በ90 ዓመታቸው አረፉ።

ዘይት፣ ስክሪንና የሶቪየት ሞልድ

ፕላስቲክ ከነዳጅ ነው የሚሠራው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የሞዴልም ዋጋ ተከትሎ ወጣ። ቀጥሎ የቪዲዮ ጨዋታ መጣ። የጎልደን ሂንድ ልጆች አድገው ልጅ ወለዱ፤ ልጆቻቸው ግን ስክሪን ላይ ናቸው።

ፔንግዊንን የፈጠረው ፍሮግ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቆመ። እዚህ ላይ ሞልድ ስለሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ልንገራችሁ። ሞልድ መሥራት እጅግ ውድ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ግን አስርት ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ኩባንያ ሲሞት ሞልዱ ይወረሳል። የፍሮግ ሞልዶች ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሸጡ። ሶቪየቶች ግን የጀርመንንና የአጋሮቿን አውሮፕላኖች ሞልድ አንወስድም አሉ፤ እነዚያ ሬቬል ዘንድ ደረሱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አውሮፕላኖቹ በአሻንጉሊት መልክ እንደገና በጎራ ተከፈሉ ማለት ነው!

ኤርፊክስም በ1981 ከሰረ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በ2006 የባቡር ሞዴል የሚሠራው ሆርንቢ ገዛው። ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምታዩት አዲስ ሳጥን ውስጡ ያለው ሞልድ ከአባታችሁ ሊበልጥ ይችላል። ሥዕሉ ይለወጣል፤ ብረቱ ያው ነው።

የአምስት ሳንቲም መደብር የልጅ ልጆች

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። ሞዴሉ ከአበባውና ከክሩ ጎን እንዴት ተቀመጠ?

አሜሪካ ውስጥ ቤን ፍራንክሊን የሚባሉ የአምስትና አስር ሳንቲም መደብሮች ነበሩ፤ ከ1927 ጀምሮ። የዋልማርቱ ሳም ዋልተን እንኳ ንግድ የጀመረው በ1945 አርካንሳስ ውስጥ አንዱን ቤን ፍራንክሊን ይዞ ነው። እነ ዋልማርት ሲያድጉ ደግሞ እነዚያን ትንንሽ መደብሮች ዋጧቸው። ከሚዋጡት መካከል አንዳንዱ መላ ፈለገ። ዳላስ ውስጥ ማይክል ዱፔ የሚባል ሰው በ1973 አንዱን ቤን ፍራንክሊን ወደ እጅ ሥራ መደብር ለወጠው። ስሙን ሰጠው፤ ማይክልስ ተባለ።

ኦክላሆማ ውስጥ ደግሞ ዴቪድ ግሪን የሚባል ሰው ነበር። ገና ተማሪ ሳለ በአምስትና አስር ሳንቲም መደብር ዕቃ ደርዳሪ ሆኖ የጀመረ፣ ኋላም ቲጂ ኤንድ ዋይ በሚባል የዚያው ዓይነት መደብር ሥራ አስኪያጅ የሆነ። በ1970 600 ዶላር ተበድሮ ቤቱ ውስጥ ትንንሽ የሥዕል ክፈፍ መሥራት ጀመረ። በ1972 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ 300 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 28 ካሬ ሜትር ያህል ሱቅ ከፈተ። ሆቢ ሎቢ ይህ ነው። ዛሬ ከ1,000 በላይ መደብር አለው።

ነገሩ ገባችሁ? ሁለቱም ግዙፍ መደብሮች የአምስት ሳንቲም መደብር የልጅ ልጆች ናቸው። ሞዴሉ ደግሞ ድሮም የተወለደው በዚያ መደብር፣ ከክርና ከከረሜላ ጎን ነው። ስለዚህ ወደ እጅ ሥራ መደብር ሲገባ እንግዳ አልሆነም። ወደ አያቶቹ ቤት ነው የተመለሰው።

ደንበኛ የሚጎትተው ደግሞ ኩፖን ነበር። ለብዙ ዓመታት በአንድ መደበኛ ዋጋ ዕቃ ላይ 40 በመቶ የሚቀንስ ወረቀት ይታደል ነበር። የ30 ዶላር ሳጥን በ18 ዶላር ይወጣል። በአንድ ጊዜ ለአንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ ሞዴል ወዳዱ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ኩፖን አስይዞ በተራ ያሰልፋቸዋል! ሆቢ ሎቢ ይህን ኩፖን በ2021 የካቲት መጨረሻ ላይ አስቀረው። ዓመታት በኩፖን የለመደ ሰው ሙሉ ዋጋ ሲጠየቅ የተዘረፈ ይመስለዋል። ግን እስቲ እናስብ፦ አንድ ዕቃ ሁልጊዜ 40 በመቶ የሚቀነስለት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዋጋ ዋጋ ነበር ወይስ ማስፈራሪያ?

ያልተሸጠው ዕቃ

የኩፖኑ ዕዳ ግን አንድ ቦታ ወደቀ፤ በትንሿ ሱቅ ላይ። የሱቁ ባለቤት 30 ዶላር የሚሸጠውን ሳጥን በ18 ቢሸጥ ኪራዩን ከየት ይከፍላል? ሰዉ ምክሩን ከእርሱ ጠይቆ፣ ዕቃውን ከትልቁ መደብር ገዛ። ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣና የቀረውን ወሰደ። ብዙዎቹ ተዘጉ።

ይህን ስናገር ትልልቆቹን ልኮንን አይደለም። እውነቱን ለመናገር የአጎቴን ልጅ ማንም ወደ ሞዴል ሱቅ ወስዶት አያውቅም ነበር። ሞዴልን ያወቀው እናቱ ለመጋረጃ ክር ስትገዛ ተከትሏት ገብቶ ነው፤ ልክ እንደ 1952ቱ ልጅ። ትልቁ መደብር ዋጋ ቀንሷል፤ በር ከፍቷል። ያልሸጠው አንድ ዕቃ ቢኖር እውቀትን ነው። ሙጫውን ለይቶ የሚነግር ሰው ከሌለ ደግሞ የከፈተው በር ተመልሶ በልጁ ፊት ይዘጋል። እኛ ቤት አንድ ማታ አልጋ ሥር የገባው ሳጥን ምስክር ነው።

በሩም ቢሆን ለዘላለም ክፍት አይደለም። የአሜሪካው ዉልዎርዝ በ1997 መደብሮቹን ዘጋ። የእንግሊዙ በ2009 ጥር ከ800 በላይ የነበሩትን የመጨረሻ ቅርንጫፎቹን ዘጋ። ሬቬልን ይዞ የነበረው የኢሊኖዩ ሆቢኮ በ2018 ከሰረና ሬቬል ወደ ጀርመን ባለሀብቶች ዞረ። ኤሲ ሙር የሚባለው የእጅ ሥራ መደብር በ2019 እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ1943 ክሊቭላንድ ላይ የተመሠረተው ጆአን፣ የጨርቅና የክር ንጉሡ፣ በ2025 ግንቦት መጨረሻ 800 ያህል መደብሮቹን አንድም ሳያስቀር ዘጋ። ስሙን ማይክልስ ገዛው።

ተስፋውስ? ተስፋው ከጃፓን ነው። በ1980 ባንዳይ የተባለው ኩባንያ ጉንዳም ከሚባለው የካርቱን ፊልም ሮቦት በ300 የን የሚሸጥ ሞዴል አወጣ። የዛሬዎቹ የጉንዳም ሞዴሎች በየቀለማቸው ተቀርጸው ስለሚወጡ ቀለም የግድ አይሉም፤ ተጫን፣ ይገጥማል፤ ሙጫም አያስፈልግም። እንደ ባርነስ ኤንድ ኖብል ያሉ የመጻሕፍት መደብሮች ሳይቀሩ ይሸጡታል። የሙጫውን ችግር ሙጫውን በማስቀረት ፈቱት! ብልሃት ነው።

ለሚገባበት ሰው

ዲያስፖራ ያላችሁ፣ ወይም ዘመድ የሚልክላችሁ፣ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። ሙጫው "ለፖሊስታይሪን" ወይም "ለፕላስቲክ ሞዴል" የሚል ይሁን። ለሥዕል የሚሸጠው ርካሽ አክሪሊክ ቀለም ወፍራም ስለሆነ ዝርዝሩን ይሸፍነዋል፤ ለሞዴል የተባለውን ፈልጉ። ክፍሎቹን ከማያያዣ ዘንጋቸው በእጅ አትገንጥሉ፣ በመቁረጫ ቁረጡ፤ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በጥፍር ሞረድ አለስልሱ። ከመቀባታችሁ በፊት በሳሙና እጠቡ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለበትና። መስኮት ክፈቱ።

ደግሞ ከሞዴሉ መደርደሪያ ብቻ አትግዙ። የጥልፍ ክሩ ለመርከብ ገመድ ይሆናል። ዶቃው ለመኪና መብራት፣ የአንገት ሐብሉ ሰንሰለት ለታንክ መጎተቻ፣ የደረቀው የአበባ ግንጫፍ ለዛፍ። ሞዴሉን ከአበባ ጎን ያስቀመጠው የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ግን ይጠቀምበታል።

ይህን የነገሩን አንድ ሽማግሌ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አጎቴ መኪናቸውን አስነስተው አንድ ሰዓት ነድተው ጠባብ የሞዴል ሱቅ ወሰዱን። ሽማግሌው ልጁን አስር ደቂቃ ያህል አናገሩት፤ ሙጫውን በጥርስ ቡሽ ጫፍ ያህል እንዴት እንደሚነካ በተሰበረ ክንፍ ላይ አሳዩት። ገንዘብ ያስከፈሉት ለሙጫው ብቻ ነው። ስንወጣ አጎቴ ሳጥኖቹን አየት አድርገው "እዚያኛው ይረክሳል" አሉ።

"አባዬ፣ የሚቀጥለውን ከዚህ እንገዛለን" አለ ልጁ።

አጎቴ አልመለሱለትም። ማታ ግን ሙስታንጉ ተጣብቆ ካለቀ በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተረፈው የአበባ ሽቦ ትንሽ ቆርጠው በጥፍራቸው ሲያጠማዝዙ አየኋቸው። የሬዲዮ አንቴና እየሠሩለት ነበር። ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም።

ቸር እንሰንብት።